የጆሮ ድንጋይ

ከቆሮሶው አናት፣ ከጆሮው ጓዳ ውስጥ፣
አንዲት ድንጋይ አለች ከምስር የማትበልጥ።
በምላጭ ሰንጥቄ፣ ከብርሃን አኑሬ፣
አሥራ ሦስት ዓመት አነበብኳት ቆጥሬ።
የጠቆረው መስመር ያ ክፉ ወራት ነው፣
የነጣው ሲሳዩ የተትረፈረፈው።
ሰባት ቀለበት ካለ፣ ሰባት ብዬ እጽፋለሁ፤
መዝገቡን ዘግቼ ወደ ቤት እሄዳለሁ።
ድንጋይዋ ዕድሜን እንጂ እርጅናን አታውቅም፤
ስንት ክረምት ትላለች፣ ለምን ግን አትልም።

አባቴ ይመር ታንኳ ሠሪ ነው፣
ደንገል አጭዶ፣ አስጥቶ፣ ጠፍሮ ሐይቅ ላይ የሚጥለው።
ሰማንያ ይሁን ሰማንያ አምስት
ቆጥሮ ያኖረለት የለም አንድም ሰው፤
በዘንድሮ ክረምት ቋጠሮ ሲያጠብቅ
እጁ እንቢ አለው።
ጣቶቹን እንደ ሰው ዕቃ አገላብጦ አያቸው።
«አንቺ ዘይነባ፣» አለኝ፣
«ያን ሁሉ ዓሣ ስትከፍቺ፣
ሰው ለምን እንደሚያረጅ አላገኘሽም?»

ምን ልበለው?
ዶክተር አንማው በስላይድ ሁለት ሰዓት የፈጀበትን
እንዴት ልንገረው፣ ጭቃ ላይ ተቀምጠን?

ካየሩ ጀመርኩኝ፦ «ያ የምንስበው፣
ነፍስ የሚዘራብን፣ ከሞት የሚያቆየው፣
እሱው ነው ሚስማሩን በዝገት የሚበላው፤
እኛንም ከውስጥ ነው።»
አባቴ ቀና አለ፦ «ታንኳስ ምን ገደለው?
ያንሳፈፈው ውሃ አይደል የጠጣው?»

ወደ ክሩ ዞርኩኝ፦ «በየሴሉ ጓዳ
የተገመደ ክር አለ፣ ጫፉ የተቋጠረ፤
ሴሉ ለሁለት ሲከፈል፣ በያንዳንዱ ጊዜ
ያ ቋጠሮ ትንሽ፣ ትንሽ እያጠረ...»
«መልሶ የሚቋጥር ባለሙያስ የለም?»
«አለ፤ በአብዛኛው አካላችን ውስጥ ግን ተኝቷል፤
ያለ ቦታው ከነቃ ነቀርሳን ያሳድጋል።»
የገመዱን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ ዝም አለ።

«ሌሎቹ ደግሞ አበዳሪ አለ ይላሉ፣
ባለአራጣ፣ በደማችን ውስጥ የተቀመጠ፤
ለጎረምሳ ጉልበት ሳይቆጥር የሰጠ፣
ሽማግሌ ደጅ ላይ ሊያስከፍል የመጣ።»
ሳቀ። «እሱንስ አውቀዋለሁ!
ከዘጌ ባሕር ዳር ማገዶ እንደ ጉድ ጭኜ፣
ነፋስ ንቄ ስቀዝፍ፣ የሃያ ዓመት ሆኜ፤
ወለዱ ነዋ ይኼ፣
ሌሊት ሌሊት ትከሻዬን የሚነዘንዘው!»

የመጨረሻውን ፈራሁት፤ ቢሆንም ተናገርኩ፦
«አካል ለዘላለም አልተሠራም፣ አባዬ።
ነገ መረብ ወይ አምባዛ ለሚውጠው
ተፈጥሮ ለጥገና ብዙ አታወጣም፤
ያላትን ለዘር ታውለዋለች፤
እኛን ግን...» አልጨረስኩም።

ቅር ይለዋል ስል፣ ደንገሉን ዳበሰ።
«ልክ ነው፣» አለ።
«እኔስ ታንኳን ለአሥር ዓመት ሠርቼ አውቃለሁ?
ደንገል ነው፤ ቢበዛ ጥቂት ወር ነው።
በአንዱ ላይ ዕድሜ ልኬን ስጠበብ ብኖር
ሌላውን መቼ እሠራው ነበር?»

ከዚያ ሊነሳ ሲል፣ ሐይቁ ዞረበት።
እጁን ያዝኩት።
የሰውም ጆሮ ድንጋይ አለው፤
ግን ደቃቅ ነው፣ አሸዋ፣ ቀለበት የማይጻፍበት፤
ሲያረጁ ከስፍራው ይሸሻል፣ ይንከራተታል፣
ያኔ ነው የቆመው ዳርቻ እንደ ማዕበል የሚናወጥ።
ይህን አውቃለሁ።
ማወቄ ግን ምድሩን አላቆመለትም።
ትከሻዬን ሰጠሁት።

አሮጌውን ታንኳ ከዋርካው አስደግፈን አቆምነው፣
ከሥሩ ውሃ እያንጠባጠበ።
በዓባይ መውጫ በኩል አንድ ጉማሬ አንኮራፋ።
«ዛሬስ ስንት ነበር የቆጠርሽው?» አለኝ።
«አሥራ አንድ።»
የሐይቁን ፊት ለአፍታ አየና፣
«ሰንብቷል፣» አለ።